«ሳራ ብይዋን የት ትፈልጋለች?» የልጆች እድገት ፈተናዎች በአማርኛ ሲሰጡ የሚበላሹበት ቦታ

ዜሮ ክፍል
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ 14 ልጆች ሁለት ፈተና በአማርኛ እየሰጠን ነው። አንዱ የሥነ ልቦና ሊቁ የፒያዤ የውሃ ፈተና ነው፤ እኩል ውሃ ወደ ቀጭን ብርጭቆ ሲገለበጥ ልጁ አሁንም እኩል መሆኑን ይረዳል ወይ የሚለው። ሌላው «ሳሊና አን» የሚባለው ነው፤ አንዷ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ ትታ ስትወጣ ሌላዋ ወደ ካርቶን ታዛውረዋለች፤ እኛ ሳራና ሃና ብለናቸዋል። የሙከራው ውጤት ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም አለ። ውሃው ከተገለበጠ በኋላ «እኩል ነው» ያለ ልጅ፣ ጥያቄው ሲደገምለት «ያኛው ይበልጣል» ይላል። በሳራ ጨዋታ ላይ ደግሞ የ6 ዓመት ልጆች ሳይቀሩ ይሳሳታሉ፤ መጽሐፉ አብዛኞቹ ልጆች ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ያልፉታል ይላል። የጠየቅነው «የትኛው ይበልጣል?» እና «ሳራ ብይዋን የት ትፈልጋለች?» ብለን ነው። የተሳሳትነው የቱ ላይ ነው? የምታውቁ ሰዎች ደረጃ በደረጃ ብታስረዱን።

ጠመኔ
ከሳራ ልጀምር፤ ችግሩ ጥያቄው ውስጥ ነው ያለው። «ትፈልጋለች» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፣ ፍለጋም ፍላጎትም። ልጁ «ብይዋ የት ብትሆን ደስ ይላታል?» ብሎ ሊሰማው ይችላል። ወይም «ብይዋን እንድታገኝ የት ትሂድ?» ይመስለዋል፤ ለዚህኛው ትክክለኛው መልስ ካርቶኑ ነው፣ ብዩ ያለው እዚያ ነዋ። ካርቶኑን የጠቆመው የ6 ዓመት ልጅ ሳራ ስለምታስበው ነገር ገና አልተጠየቀም ማለት ነው።

ፈተናው የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ ሌላ ሰው ከእውነታው የተለየ እምነት ሊኖረው እንደሚችል ይረዳል ወይ? ሐሳቡን መጀመሪያ ወደ ፈተና የለወጡት ዊመርና ፐርነር ናቸው፣ በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ቸኮላቱ በሌለበት የተዛወረበት ልጅ ታሪክ ነበር። በ1985 ባሮን-ኮኸን፣ ሌስሊና ፍሪዝ በአሻንጉሊት አቀረቡት። ከ20 ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች 16ቱ ወደቁ፤ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 14 ልጆች ግን 12ቱ አለፉ። የዚህ ንጽጽር ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ መውደቁ በአጠቃላይ የአእምሮ ችሎታ ማነስ ብቻ እንደማይገለጽ አሳየ።

አሰጣጡ እንዲህ ይሁን። ሳራ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። ሃና ብዩን አውጥታ ካርቶን ውስጥ ትከተዋለች። ሳራ ትመለሳለች። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ነው፦

የእምነት፦ «ሳራ ብይዋን ልታወጣ ነው። መጀመሪያ ሄዳ የምትከፍተው የቱን ነው?»
የእውነታ፦ «ብዩ አሁን የት ነው ያለው?»
የትውስታ፦ «መጀመሪያ ላይ የት ነበር ያስቀመጠችው?»

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያልመለሰ ልጅ ዜሮ አይሰጠውም፤ ከቆጠራው ይወጣል። ታሪኩን ያልተከታተለን ልጅ «የሌላን ሰው ሐሳብ አይረዳም» ማለት አይቻልም። «መጀመሪያ» የምትለዋን ቃል አትተዉ፤ ሲጋልና ቢቲ በ1991 ይህችን ቃል ብቻ ሲጨምሩ የ3 ዓመት ልጆች ውጤት በግልጽ ተሻሽሏል።

ምርጫው ሁለት ብቻ ስለሆነ በግምት የሚያልፍ ልጅ አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ስጡ፣ ለግማሾቹም የቅርጫቱንና የካርቶኑን ቦታ ቀይሩ። ሁልጊዜ በቀኙ ያለውን የሚጠቁም ልጅ የሚታወቀው እንዲህ ሲደረግ ነው።

ሐረግ
የጠመኔ ላይ ልጨምር። «ብዩ የት ያለ ይመስላታል?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል፣ ግን መዘዙን እወቁ። «መስሎኝ ነበር» የምንለው ነገሩ እንዳሰብነው ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ቃሉ በራሱ «ተሳስታለች» የሚል ፍንጭ ይሰጣል። ቱርክኛም እንዲህ ያለ ግስ አለው፣ ሻትዝና ባልደረቦቿም በ2003 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያሉ ግሶች ጥያቄው ውስጥ ሲገቡ ልጆች የተሻለ እንደሚመልሱ አሳይተዋል። በ«ይመስላታል» የተጠየቀውንና በ«የምትከፍተው» የተጠየቀውን ልጅ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አትቀላቅሉ። አንዱን ከመጀመሩ በፊት ምረጡና ለሁሉም ያንኑ ጠይቁ።

የኔታ 13
ወደ ውሃው እንምጣ። ፒያዤ ወደዚህ ሥራ የገባው ፓሪስ ውስጥ የልጆችን የማስተዋል ፈተና ሲያዘጋጅ፣ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ የስህተቱ ዓይነት ስለሳበው ነው። በተቀራራቢ ዕድሜ ያሉ ልጆች ተመሳሳይ ስህተት ይሠሩ ነበር። ስለዚህ በእሱ ዘዴ «አለፈ፣ ወደቀ» ብሎ መመዝገብ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው፤ ዋናው «ለምን?» ተብሎ የተገኘው ምክንያት ነው።

ዕቃው ሁለት አንድ ዓይነት የውሃ ብርጭቆና አንድ ረጅም ቀጭን ብርጭቆ ነው። ሦስቱም ቀጥ ያሉ ይሁኑ። ብርሌ አትጠቀሙ፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውሃው የት እንደሚደርስ ለአዋቂም ያስቸግራል። በእያንዳንዱ ብርጭቆ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አድርጉ፣ ከርቀት እንዲታይ ጠብታ የምግብ ቀለም ጨምሩበት።

መጀመሪያ እኩልነቱን ልጁ ራሱ ይመን። «ይሄኛው ትንሽ ይበዛል» ካለ ማንኪያ ስጡትና እስኪረካ ድረስ እያወጣ እየጨመረ ያስተካክል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ቀጥሎ የሚመጣው መልስ ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚያ አንዱን ወደ ቀጭኑ ገልብጡ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ፣ ከታችም ሳይቀር። ጠብታ ጠረጴዛ ላይ ካረፈች በኋላ «ይሄኛው አነሰ» ያለ ልጅ ትክክል ነው።

አሁን ጥያቄው። «ይበልጣል» ለቁመትም፣ ለዕድሜም፣ ለብዛትም የምንለው ቃል ነው። ወንድሙ «ይበልጠዋል» ሲባል ዕድሜ ይሆናል፣ ዛፉ ዛፉን ሲበልጥ ቁመት ነው። ረጅሙን ብርጭቆ አይቶ «ያኛው ይበልጣል» ያለው ልጅ ያየውን ነው የተናገረው። እንዲህ ጠይቁ፦ «ይሄን አንተ፣ ያንን እኔ ብንጠጣ እኩል ነው የምንጠጣው ወይስ አንዳችን ብዙ እንጠጣለን?» ለግማሾቹ ልጆች «ብዙ» የሚለውን አስቀድሙ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚደግሙ ትንንሽ ልጆች አሉ።

መልሱን ተከትሎ «እንዴት አወቅህ?» በሉ። እኩል ነው ካለ የሚጠበቁት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ «ምንም አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም»፤ «መልሰን ብንገለብጠው ያው ነው»፤ «ይሄ ረጅም ነው ግን ቀጭን ነው»። ከዚያ በሌላ ልጅ አሳቡ፦ «አንድ ልጅ ግን ይሄኛው ስለረዘመ ብዙ ነው አለኝ፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ምክንያት ሰጥቶ በሐሳቡ የጸናው አንድ ምድብ ነው፤ የሚዋልለው ሌላ፤ ቁመቱን ብቻ የሚያየው ደግሞ ሌላ። የሚዋልለውን ልጅ ማስታወሻ ላይ በሰፊው ጻፉት፣ ከሦስቱ ብዙ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ሐረግ
ልጁ ሲደገምለት መልሱን የለወጠበት ምክንያት ግን ገና አልተነሳም። ሮዝና ብላንክ በ1974 እንዳሳዩት አንዱ ጥያቄ ከለውጡ በፊትም በኋላም ሲጠየቅ ልጆች ይበልጥ ይሳሳታሉ፤ ከለውጡ በኋላ አንዴ ብቻ ሲጠየቁ ይሻሻላሉ። አዋቂ ጥያቄ ሲደግም ልጅ የሚሰማው «መልስህን ቀይር» ነው። በእኛ ክፍል ውስጥ ይሄ የበለጠ ይጠነክራል፤ መምህር አንድን ጥያቄ ለአንድ ልጅ ሁለት ጊዜ የሚጠይቀው ልጁ ሲሳሳት ነው፣ ልጁም ይህን ያውቃል። መልሱ አልሰማ ካላችሁ «እስቲ ለእናትህ እንደምትነግራት አድርገህ ንገረኝ» በሉ እንጂ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አትድገሙ።

ሌላው ገልባጩ ማን ነው የሚለው ነው። ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ ሴኔጋል ውስጥ በዎሎፍ ልጆች ላይ በሠራችው ጥናት (1966) ትምህርት ቤት ያልገቡት ልጆች ውሃው የተለወጠው ሴትዮዋ ስለገለበጠችው ነው ይሉ ነበር። እንግዳ አዋቂ አንድ ነገር ሲያደርግ ሆን ብሎ ለውጥ ያመጣል ብለው ነው። ልጆቹ በገዛ እጃቸው እንዲገለብጡ ሲደረግ ትክክለኛው መልስ በብዙ ጨመረ። ስለዚህ ልጁ ይገልብጥ፣ እናንተ ብርጭቆውን ያዙለት።

ድንበር
እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፈተናውን ባቀለላችሁ ቁጥር ብዙ ልጅ ያልፋል፣ ግን ያለፈው ስለገባው ነው ማለት አይደለም። የታወቀውን ምሳሌ ልንገራችሁ። ማክጋሪግልና ዶናልድሰን በ1974 በቁጥር ፈተና (ድርድሩ ቢቀየርም ብዛቱ ያው መሆኑን ልጁ ይረዳል ወይ በሚለው) በሁለት እኩል መደዳ የተደረደሩትን ነገሮች አዋቂ ሳይሆን «ባለጌ ድብ» አሻንጉሊት እንዲያበላሻቸው አደረጉ። አዋቂው ሲያንቀሳቅስ በትክክል የመለሱት 16 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ድቡ ሲያበላሸው 63 በመቶ ያህል ሆኑ። ብዙ መማሪያ መጽሐፍ እዚህ ያቆማል። ሙርና ፍራይ ግን በ1986 ድቡ በእርግጥ አንድ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ፣ ያኔ ብዙ ልጆች «ያው ነው» አሉ። ዓይናቸው ድቡ ላይ ነበር እንጂ መደዳው ላይ አልነበረም።

ለዚህ ነው እያንዳንዱ ልጅ አንድ እውነተኛ ለውጥ ያለበት ዙርም ማየት ያለበት። በአንዱ ዙር ልጁ እያየ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። እዚያም «እኩል ነው» ያለ ልጅ በሌላው ዙር የሰጠው «እኩል ነው» አይቆጠርለትም። ይህን ዙር ሳያካትት ስለ ውጤት የሚያወራን ጽሑፍ እኔ አላምነውም።

የኔታ 13
ድንበር ልክ ነው። ዙሩን መካከል ላይ አድርጉት፣ መጀመሪያ ከሆነ «መልሱ ሁልጊዜ አይተካከልም» የሚል ትምህርት ይሆናል።

ልጅ አዋቂ
ታዲያ የፒያዤ ደረጃዎች ተሽረዋል ማለት ነው? ጄኔራል ሳይኮሎጂ ላይ አሁንም አራቱን ደረጃዎች ከነዕድሜያቸው ያስተምራሉ።

ድንበር
ዕድሜዎቹን እንደ ድንበር አትያዛቸው፣ ቅደም ተከተሉን ያዝ። ፒያዤ ራሱ አንድ ልጅ በሁሉም ነገር እኩል እንደማይራመድ ያውቅ ነበር፤ ቁጥርና ፈሳሽ ቀድመው ይገባሉ፣ ክብደት ይዘገያል፣ ይዘት (ነገሩ የሚይዘው ቦታ) ከሁሉም በኋላ ወደ 11 ወይም 12 ዓመት ይሆናል። ልምድም ይለውጠዋል። ፕራይስ-ዊሊያምስና ባልደረቦቹ በ1969 ሜክሲኮ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጆች በጭቃ ፈተና ከእኩዮቻቸው እንደሚቀድሙ አሳይተዋል። እጁ ጭቃ ሲያድቦለቡልና ሲዘረጋ የዋለ ልጅ፣ ጭቃው ቢረዝም እንዳልተጨመረ ያውቃል።

ከፒያዤ ያልተሻረው፣ ለመምህር ደግሞ በየቀኑ የሚጠቅመው፣ ስህተት የአስተሳሰብ ምልክት ነው የሚለው ነው። ፊደል ላይ ተመልከት። ልጁ ከ«በ» «ቡ»ን፣ ከ«ሰ» «ሱ»ን፣ ከ«ተ» «ቱ»ን ለምዶ «ረ» ሲሰጠው በወገቡ ላይ በቀኝ በኩል ጭረት ያደርግበታል። እንዲህ ያለ ፊደል የለም፣ ማንም አላሳየውም። ሕጉን ራሱ ነው ያወጣው፤ አዲሱን ወደሚያውቀው አስገባው ማለት ነው። «ሩ» ቅጥያዋ ከታች እንደሆነ ሲያይ ደግሞ ሕጉን ያሻሽላል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ከማድረግ በፊት ይህ ልጅ «ረ»ን በቃሉ ከሸመደደው ልጅ እንደሚቀድም ማስተዋል ያስፈልጋል።

ጠመኔ
ከፊደሉ ሳንወጣ የሩሲያውን የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪን እናምጣው። ከፒያዤ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1896 ነው የተወለደው፤ ግን በ37 ዓመቱ፣ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የእሱ ጥያቄ «ልጁ ብቻውን ምን ይችላል?» አልነበረም። በፈተና ሁለቱም የ8 ዓመት ውጤት ያመጡ ሁለት ልጆችን ምሳሌ ይሰጣል፤ ትንሽ ሲታገዙ አንዱ እስከ 12 ዓመት ያለውን ሲሠራ ሌላው 9 ላይ ይቆማል። እነዚህን ልጆች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል? ያ ልዩነት ነው የቅርብ እድገት ቀጠና የሚባለው።

በክፍል ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ልጁ ከ«ለ» «ሉ»ን እንዲጽፍ ተጠየቀ እንበል። መጀመሪያ «እስቲ የምታውቀውን አስብ»። ካልሆነ «በ ቡ ስትሆን ምን ተጨመረባት?»። ካልሆነ የ«ቡ»ን ጭረት በጣት መጠቆም። ካልሆነ «ለ»ን ጽፎ ጭረቷን ለእሱ መተው። በመጨረሻ ሠርቶ ማሳየት። ሕጉ አጭር ነው፦ ሲሳሳት አንድ ደረጃ ጨምር፣ ሲሳካለት አንድ ደረጃ ቀንስ። ይህን አካሄድ የሠሩት ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ ናቸው (1976)፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ልጆች 21 የእንጨት ቁራጮችን ወደ ፒራሚድ ሲገጣጥሙ እያዩ። «ስካፎልዲንግ» (እየተቀነሰ የሚሄድ ድጋፍ) የሚለው ቃልም ከዚያ ጽሑፍ ነው፣ የቪጎትስኪ አይደለም፤ በፈተና ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይምታታል።

የሚበላሸው የት ነው? መምህሩ የልጁን እጅ ይዞ ይጽፍና እዚያው ይቀራል። ደብተሩ ያምራል፣ ልጁ ግን ከመጨረሻው ደረጃ አልወረደም። የትኛው ደረጃ ላይ እንደተሳካለት ከጎኑ ቁጥር ጻፉ፤ በሳምንቱ ከ5 ወደ 3 ከወረደ ተምሯል።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ
ለሕፃናትስ? ቁርኝትን (ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ያለውን ትስስር) የሚለካው የአይንስወርዝ ፈተና እኛ ጋ ይሠራል?

ሐረግ
አይንስወርዝ መጀመሪያ ያጠናችው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ከ1954 እስከ 1955 ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 እናቶችን ቤታቸው እየሄደች ትከታተል ነበር። ሕፃኑ በማያውቀው ክፍል ውስጥ ከእናቱ ለአጭር ጊዜ ሲለይና ስትመለስ የሚታይበት የክፍሉ ፈተና በኋላ ባልቲሞር ውስጥ የመጣ ነው። 8 ምዕራፎች አሉት፣ ከመጀመሪያው አጭር ምዕራፍ በስተቀር እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ያህል ነው። እናት ሁለት ጊዜ ትወጣለች፣ ሁለት ጊዜ ትመለሳለች። ልጁ አምርሮ ካለቀሰ የመለያያው ደቂቃ ያጥራል።

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ለቅሶውን መቁጠር ነው። የሚነበበው መመለሷ ነው። እናቱ ስትመጣ ሄዶ ተለጥፎባት፣ ተረጋግቶ ወደ ጨዋታው የሚመለሰው ቁርኝቱ አስተማማኝ ነው፣ ምንም ያህል ቢያለቅስ። ፊቱን አዙሮ መጫወቻው ላይ የሚያተኩር አለ፤ እቅፏ ውስጥ ሆኖ እየገፋት የማይጽናና አለ። ያላለቀሰውን ልጅ «ጎበዝ» ብሎ መመዝገብ ፈተናውን ይገለብጠዋል።

ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ልጁ በቀን ስንት ጊዜ ከእናቱ ይለያል የሚለው ነው። ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚውል፣ ብቻውን ክፍል ውስጥ ቀርቶ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ከታሰበው በላይ ያስጨንቀዋል። በጃፓን ሕፃናት ላይም የተነሳው ክርክር ይሄው ነበር። በሌላ በኩል አያት፣ አክስትና ታላቅ እህት እየተቀባበሉት ያደገ ልጅ እናቱ ስትወጣ ዝም ቢል መሸሽ ላይሆን ይችላል። የቤት ውስጥ ምልከታ ሳይጨመርበት በዚህ ፈተና ብቻ ለአንድ ቤተሰብ «የልጃችሁ ቁርኝት ችግር አለበት» ማለት ጉዳት ነው፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ልጅ አዋቂ
የጎረምሶቹንም ብታነሱልን፤ ኮልበርግንና ማርሲያን።

ድንበር
እዚያም ችግሩ ያው የቃል ጉዳይ ነው። የሥነ ምግባር አስተሳሰብን ደረጃዎች ያወጣው ኮልበርግ በ1958 ቺካጎ ውስጥ 72 የ10፣ የ13 እና የ16 ዓመት ወንዶችን ሲጠይቅ ነጥብ የሰጠው ለምክንያቱ ነው። ባል ለሚስቱ መድኃኒት ይስረቅ ወይስ አይስረቅ የሚለው ውሳኔ ነጥብ የለውም። «ይስረቅ፣ አለበለዚያ ዘመዶቿ ይጣሉታል» እና «ይስረቅ፣ ሕይወት ከንብረት ይቀድማል» በጣም የተራራቁ ናቸው። በአማርኛ «መስረቅ ነበረበት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ግድ ሆነበት ወይ?» ተብሎም ይሰማል። «ቢሰርቅ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ለምን?» ይሻላል። «ሕጉ ስለሚከለክል» ለሚል ልጅ «ሕግ ባይኖርስ?» ማለት ካልተከተለ ደረጃውን መለየት አይቻልም።

ማርሲያ በ1966 የኤሪክሰንን የማንነት ሐሳብ በሁለት ጥያቄ ከፈለው፦ አማራጭ ፈትሸሃል? ወስነሃል? ሳይፈትሽ የወሰነ፣ እየፈተሸ ያልወሰነ፣ ፈትሾ የወሰነ፣ ሁለቱንም ያላደረገ። እኛ ጋ ጠያቂውን የሚያሳስተው ምደባ ነው። «ምን ትማራለህ?» ሲባል «ሲቪል ምሕንድስና» ያለ ወጣት የወሰነ ይመስላል፤ ምርጫ ሞልቶ በነጥብ የደረሰው ይሆናል። «ምደባው ባይኖር ምን ትመርጥ ነበር?»፣ ቀጥሎም «ሌላ ያሰብከው ነበር? ለምን ተውከው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁለተኛው ቶሎ ብሎ «አባቴ ሁልጊዜ ኢንጂነር ትሆናለህ ይለኝ ነበር» ካለና ሌላ ምንም ካልጨመረ፣ ሳይፈትሽ ወስኗል ማለት ነው።

ዜሮ ክፍል
እግዚአብሔር ይስጥልን። አስተካክለነዋል፦ ውሃውን ልጁ ይገለብጣል፣ «ብንጠጣው» ብለን አንዴ ብቻ እንጠይቃለን፣ መካከል ላይ ሁለት ማንኪያ የሚጨመርበት ዙር አለ። በሳራና ሃና ላይ «መጀመሪያ ሄዳ የምትከፍተው የቱን ነው?» ብለናል፣ ሁለት ታሪክ፣ ቦታውም ይቀያየራል። የቀረ ካለ ብትነግሩን፤ ሰኞ እንጀምራለን።

ጠመኔ
አንድ ቀርቷል፣ እኔም ከላይ ሳላየው አልፌዋለሁ። ሳራና ሃና ሁለቱም ሴቶች ናቸው። የትውስታው ጥያቄ «መጀመሪያ ላይ የት ነበር ያስቀመጠችው?» ይላል፤ ያስቀመጠችው ማን? ሃናም ካርቶን ውስጥ አስቀምጣለች። «ካርቶኑ ውስጥ» ያለው ልጅ ስለ ሃና መልሶ ከሆነ ያለጥፋቱ ከቆጠራው ይወጣል። ሃናን በዳዊት ቀይሯት። ያኔ «ያስቀመጠችው» ሳራ ብቻ ናት፣ «የደበቀው» ዳዊት ብቻ ነው። በሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ገልብጡት፤ የሚወጣው ወንዱ፣ የምታዛውረው ሴቷ ትሁን።